ሱፍ ያልለበሰ አይወረውርም

ቶርኪል ጌዴስ የሞተው በዓመቱ ትልቅ ቀን፣ ብረት፣ መዶሻና ግንድ በሚወረወርበት በጨዋታው ቀን ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ወንድሙ ማግነስ የወርዋሪዎቹን ድንኳን መጋረጃ ገልጦ ሲገባ፣ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነውን ያን ግዙፍ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። አጠገቡ ባለ ቀለበቱ የአሥራ ሁለት ኪሎ ብረት ወድቋል፤ በዚያው ጠዋት ከማንም አርቆ የወረወረው ብረት ነው። በቀኝ ጭብጡ ውስጥ ደግሞ ሦስት ጣት የምታህል ቁራጭ ጨርቅ ነበረች። አረንጓዴና ሰማያዊ ካሬ፣ የግሌን ኦራን ሸለቆ ሰዎች ሁላችንም የምንለብሰው ካሬ።

ማግነስ ጨርቋን ሲያይ ማልቀሱን ትቶ በሩጫ ወጣ። በዚያ ቀን ሜዳው ላይ ኪልቱ፣ ያ ባለ ሽንሽኑ የወንድ ጉርድ፣ የተቀደደ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወጣቱ ወርዋሪ ዱጋል። እውነቱን ለመናገር፣ ፖሊስ እስኪመጣ ዱጋልን በሕይወት ያቆየው የቢራ ድንኳኑ ባለቤት ነው፤ ከበርሜሎቹ ኋላ ደብቆ።

ኢንስፔክተር ኤፊ ራንኪን ከከተማ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ሰው ስታዳምጥ አንገቷን ዘንበል ስለምታደርግ ጆሮዋ የሚከብዳት ይመስላል። እንዲህ ብለው የገመቱ ብዙ ሰዎች ዛሬ እስር ቤት ናቸው።

«ልጁን ስጡኝ!» እያለ ማግነስ ይጮኻል። «አምስት ደቂቃ ብቻ! ከዚያ እኔን እሰሩኝ፣ ግድ የለኝም!»

«አምስት ደቂቃህን በኋላ እናያታለን» አለችው ኤፊ። «ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ይዘንብ ነበር?»

«አባርቶ ነበር። ዝናቡን ሙሉ ከበግ ውሾቼ ጋር ሜዳ ላይ ነበርኩ። አርባ ሰው አይቶኛል።»

«ከአንተ በኋላስ ማን ገባ?»

«ማንም። በሩ ላይ የመንደሩን ፖሊስ አቁሜ ነው የሄድኩት። አሁን ወንድሜን የገደለውን ስጪኝ!»

ዝናቡ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጀምሮ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ በባልዲ ሲገለብጥ ቆይቶ፣ እንደጀመረው ቀጥ ብሎ ነበር። ኤፊ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሣር ደረቅ ነው። ጭቃ የነካው በአንድ ጥንድ ጫማ ልክ ብቻ ነው፤ የማግነስ ነው፣ ገብቶ የወጣበት። መሀል ላይ ሁለት የቢራ ሣጥኖች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የሟቹ ኪልት ደረቅ ነው። ኤፊ ተንበርክካ ቁራጯን ጨርቅ ከጭብጡ አወጣች። ሦስቱ ጎኗ ቀጥ ያለ ነው፣ አራተኛው ብቻ ክሩ ተመዟል። ቀለሟ ጸሐይ ነክቶት የማያውቅ ይመስል ደማቅ ነው። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት፣ አንዴ ማግ አደረገች፣ ፖስታ ውስጥ ከተተቻት።

እትዬ ግሪዘል ሜዳው ዳር፣ በሸራ ጥላዋ ስር መርፌና ክሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። በሸለቆው ውስጥ የሚወረውር ሰው ኪልት ሁሉ የሷ እጅ ሥራ ነው። የዱጋል አክስት ናት፤ እናቱ ስትሞት ያሳደገችውም እሷ ናት።

«ይህን ጨርቅ ይዩልኝ እስቲ» አለቻት ኤፊ።

«የሸለቆው ካሬ ነው።»

«ካሬውንስ አየሁት። ጨርቁን ነው የጠየቅኩዎት።»

ግሪዘል በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው። «ከባዱ ሱፍ ነው። ለወርዋሪ ከዚህ የቀለለ አልሰፋም። ቀላሉ ለሰርግ ነው ልጄ። ሰውየው አንዴ ወገቡን ሲያዞር ሽንሽኑ ይበተናል፣ ግንድ ከነካው ደግሞ ይተለተላል። ይሄን ግን ጭቃ ላይ ጎትቺው፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጪበት፣ ሽንሽኑ ተመልሶ ቦታው ይገባል። ክፋቱ ዝናብ ነው። ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፣ እስከ ማታ አይደርቅም።»

«በእጅ ይቀደዳል?»

«ምኑ? ይሄ? ቶርኪልም በሙሉ ጉልበቱ አይቀደውም።»

«እየሞተስ?»

«እየሞተ ቀርቶ ሰክሮም!»

«ታዲያ የዱጋል እንዴት ተቀደደ?»

«ጠዋት ግንድ ሲወረውር ነዋ! ግንዱ ስንጥር ነበረው፣ ከታች ይዞ ፈለጠው። ሕዝቡ ሁሉ እያየ! የሳቀው ሳቅ ተራራውን ነው ያናወጠው።»

«የዱጋልም ኪልት ይኸው ከባዱ ሱፍ ነው?»

ግሪዘል መርፌዋን ወንበሩ ላይ ተከለች። «ሱፍ ያልለበሰ አይወረውርም። የሜዳው ደንብ ነው።»

«ደንቡን አልጠየቅኩዎትም።»

«ያቺን መቀስ አቀብዪኝ እስቲ» አለች አሮጊቷ። ኤፊ አቀበለቻት። መልስ አለማግኘቷንም ልብ አለች።

«ቶርኪልን ማን ይጠላው ነበር?»

«ማን ይወደው ነበር ብትዪኝ ይቀለኝ ነበር። ያው... የኒኒያን ነገር አለ።»

ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ ሸለቆው ሁሉ ያውቀዋል። ኒኒያን የሽማግሌው የፋርኳር አንድ ልጅ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ቀን፣ ቶርኪል የወረወረው መዶሻ ደረቱን መትቶ ገደለው። ልጁ ሜዳ ውስጥ መዶሻ ይለቅም ነበር። ሜዳው ውስጥ ሰው ካለ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ሲለቅ ነጭ። ቶርኪል «ነጩ ነበር» ብሎ ማለ። ከአጠገቡ ቆሞ የነበረው ዱጋል «አዎ፣ ነጩ ነበር» ብሎ መሰከረለት። ስለዚህ ኒኒያን በራሱ ጥፋት ሞተ ተባለ፤ አባቱም ልጁን ከነስድቡ ቀበረው። በዓመቱ ፋርኳርን የሜዳው ዳኛ አደረግነው። ሐዘኑን በሥራ ይርሳ ብለን ነው። እንዴት ያለን የዋሆች ነን!

ዱጋል በርሜሎቹ መሀል አንድ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ እጁን ያፍተለትላል።

«ዝናቡ ሲጀምር የት ነበርክ?»

«ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ከሜዳው ማዶ ነው ያቆምኳት። ከዚያ ተኛሁ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን። እስክደርስ በስብሼ ነበር። አክስቴ በሷ በኩል ስሮጥ አይታኛለች።»

«አክስትህማ ታያለች» አለች ኤፊ። እጇን ዘርግታ የኪልቱን ሽንሽን ዳሰሰች። «ደረቅ ነው። ሱፍ በሁለት ሰዓት ይደርቃል እንዴ?»

የዱጋል ፊት ደም መሰለ። «ይደርቃል። አንዳንዴ።»

«ስማኝ ዱጋል። በር ላይ ማግነስ ቆሟል። ከማግነስ ብታመልጥ ደግሞ ዕድሜ ልክህን የምትቆጥረው እስር ቤት ነው። ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ ለምን ትዋሸኛለህ?»

«ስለ ኪልቴ አልናገርም።»

«ስለ ኒኒያንስ?»

ዱጋል አቀረቀረ። «እሱ ጉዳይ አልቋል።»

ሽማግሌው ፋርኳር ሜዳው መሀል የመለኪያ ገመዱን ይጠቀልላል። በሰማንያ ዓመቱም ጀርባው አልጎበጠም። ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከርመውን ኪልቱን ለብሶ፣ ከወገቡ ፊት የቆዳ ቦርሳውን አንጠልጥሏል።

«ዝናቡን የት አሳለፉት ጋሼ?»

«እዚሁ። መዶሻው ያረፈበትን ምልክት ጎርፍ እንዳይወስደው ስጠብቅ።»

«ካፖርት የለ፣ ጃንጥላ የለ?»

«ጃንጥላ የያዘ ዳኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ባርኔጣውን አውልቆ ጨመቀው። ውሃው ጫማዋ ላይ ተንጠባጠበ። «አጥንቴ ድረስ ነው የገባው።»

«ስለ ቶርኪል ምን ይሰማዎታል?»

«ልጄን የገደለ ሰው ነው። ምን እንዲሰማኝ ትፈልጊያለሽ?» ድምፁ አልተለወጠም። «ባሸነፈ ቁጥር ዋንጫውን በዚህ እጄ ሰጥቼዋለሁ። እጁን ጨብጬዋለሁ። ካላመንሽ ሰውን ጠይቂ።»

«ዱጋልንስ?»

«ዱጋል የሥራውን ያገኛል።»

ነፋሱ ከሽማግሌው በኩል መጣ። ኤፊ አፍንጫዋን አሸት አድርጋ አመስግናው ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም የቢራ ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ማግነስን፣ ዱጋልን፣ ግሪዘልንና ፋርኳርን አንድ ቀለም ያልተቀባ ረጅም አግዳሚ ላይ አራርቃ አስቀመጠች። የጨዋታው ኮሚቴና ግማሹ መንደር ቆሞ ያያል። እኔም ከቆሙት አንዱ ነበርኩ።

«ገዳዩ ድንኳኑ ውስጥ የገባው ከዝናቡ በፊት ነው» ብላ ጀመረች። «ሣሩ ደረቅ ነው፣ የጭቃ እግር የማግነስ ብቻ። የወጣውም ካባራ በኋላ ነው፤ በዝናቡ መሀል ከዚያ ሲወጣ ያየው ሰው የለም፣ ሁለቱ ሣጥኖችም ፊት ለፊት ናቸው። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ከቶርኪል ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ የዚህ ሰው ኪልት ዝናብ አልነካውም። አሁን ሁላችሁም ተነሱልኝ።»

ተነሱ። ማግነስ የተቀመጠበት እንጨት ረጥቦ ጠቁሯል። ግሪዘልን ዝለሏት፤ ስምንት ሰው ዝናቡን በሷ ሸራ ስር ነው ያሳለፈው። የዱጋል ቦታ ግን ደረቅ ነው።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ማግነስ ተወረወረ። የዱጋልን ኮሌታ ይዞ ከመሬት አነሳው። «ወንድሜን! በወንድሜ ደም...»

«ማግነስ!» ኤፊ አልጮኸችም፣ ግን እጁ ቆመ። «አምስት ደቂቃህን አሁን እሰጥሃለሁ። ቆመህ ተመልከት። እትዬ ግሪዘል፣ ክብሪት ይኖርዎታል?»

ግሪዘል ክብሪቱን ስታወጣ ዓይኗ የዱጋል ኪልት ላይ ነበር። ገብቷታል። ኤፊ ከፖስታው ቁራጭ አንድ ክር መዘዘች። «ይለኩሱት።» ክሩ ጭስ ብሎ ጠፋ፣ አመዱ በጣት ሲነካ ብን አለ። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተን።

«ሱፍ» አለች ግሪዘል።

«ከዱጋል ቅዳድ ደግሞ አንድ ክር።»

«ተይው፣ እባክሽ!» አለ ዱጋል።

ግሪዘል ዓይኗን ጨፍና ለኮሰችው። ክሩ ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ደረቀ። ሽታው የላስቲክ ነው።

«ፖሊስተር!» ብሎ ከኮሚቴው አንዱ ጮኸ። ወይ ጉድ! ለቶርኪል ሬሳ እንዲህ ያለ ጩኸት አልተሰማም። «አምስት ዓመት ሙሉ በፖሊስተር ነው የወረወርከው? አምስት የግንድ ውርወራ ዋንጫ!»

«ሱፍ ሲርስ ጭኔን ይልጠኛል!» አለ ዱጋል፣ ሊያለቅስ ደርሶ። «ቅዳሜ እወረውርበታለሁ፣ እሑድ አጥበዋለሁ፣ ሰኞ ጫካ እሠራበታለሁ። ምን ላድርግ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁለት» አለች ግሪዘል። «አሠራሩን እንደ ከባዱ ሱፍ አድርጌ። ማንም አልለየውም።»

«ማንም አልለየውም» አለች ኤፊ ቃሏን ቀብላ። «ለዚህ ነው ዱጋል የነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ እንኳ አፉን የዘጋው። ለዚህም ነው በስብሶ ሲያበቃ ቶሎ የደረቀው። እንግዲህ ሟቹ እጅ ውስጥ ያለችው ሱፍ ከዱጋል ኪልት አልተቀደደችም። ኧረ ከማንም አልተቀደደችም። ሦስት ጎኗ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ አራተኛውን በጣት ተልትለው የተቀደደ አስመሰሉት። ቶርኪል ከሞተ በኋላ ጭብጡ ውስጥ የከተታት ሰው አለ። ዱጋል በራሱ ላይ ማስረጃ አይሠራም። እትዬ ግሪዘልም አይሠሩም፤ ኪልቱ ሱፍ አለመሆኑን ያውቃሉ። ይህን ያደረገው ሱፍ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው፤ በደንቡ የሚምል ሰው። ጠዋት ኪልቱ ሲቀደድ ከቅርብ ቆሞ ያየም ሰው።»

ኤፊ ወደ አግዳሚው ጠቆመች።

«ዱጋል ላይ ስለተጣደፋችሁ አራተኛውን ቦታ አላያችሁም።»

አየን። ፋርኳር የተቀመጠበት እንጨት ደረቅ ነበር።

«ዝናብ አጥንቴ ድረስ ገባ አሉኝ ጋሼ። ባርኔጣዎን ኩሬ ውስጥ ነክረውታል፤ ሽንሽኑን ግን መንከር አልታሰበዎትም። የእርስዎ ኪልት እውነተኛው ከባድ ሱፍ ነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ዝናብ ቢወርድበት አሁን ድረስ ይንጠባጠብ ነበር። ቁራጯ ጨርቅ ደግሞ ቀለሟ አልወየበም። የወርዋሪዎቹ ኪልት ላብና ሣር ነው የሚሸተው፤ እሷ የምትሸተው ብል እንዳይበላት የተደረገባት ናፍታሊን ነው። እርስዎም እንደዚያው። ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ።»

ሽማግሌው አልተከራከረም። ቦርሳውን ፈትቶ ገለበጠው። ከትንባሆው ጋር ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ወደቀ፣ ያው ካሬ፣ ከፖስታው ቁራጭ ጋር በመቀስ የተለያየበት ጎን ልክ የሚገጥም።

«የኒኒያን ነው» አለ። «የመጀመሪያ ኪልቱ ነበር። ሲቀበር ከጫፉ ቆርጬ አስቀረሁ። በየዓመቱ በዚህ ቀን ይዤው እወጣለሁ።»

«ዳኛ የሆኑትስ?»

«አጠገቡ ለመሆን ነዋ! ስምንት ዓመት ጠበቅሁት። በየዓመቱ እጁን ስጨብጥ፣ ዛሬ ይነግረኛል እላለሁ። አልነገረኝም። ዛሬ ዳመናው ሲከብድ ድንኳኑ ውስጥ አገኘሁት። ተቀመጥን። ‹ባንዲራው ምን ነበር?› አልኩት። ሃምሳ ደቂቃ ሰጠሁት! ሳቀብኝ። ‹ሽማግሌ፣ ልጅህ ዓይን አልነበረውም› አለኝ። ከዚያ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።» ፋርኳር እጁን ተመለከተ። «ብረቱ ለሰማንያ ዓመት ሰው ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከበደኝም።»

«ዱጋልን ለምን ጨመሩት?»

«ጠዋት ግንዱ ኪልቱን ሲቀደው፣ እግዜር ራሱ ያቀበለኝ መሰለኝ። አንዱ መቃብር፣ አንዱ እስር ቤት። እዚያ ይበስብስልኝ ብዬ ነበር። የዘንድሮ ልጆች ፖሊስተር ይለብሳሉ ብሎ ማን ያስባል!»

ኤፊ እጁን በካቴና አሰረች። ማግነስ የዱጋልን ኮሌታ ለቀቀ። ግሪዘል የወንድሟን ልጅ አቅፋ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትላለች። አንዳንዱም ትከሻውን መታ መታ ያደርግለት ጀመር።

«ዱጋል» አለ ፋርኳር ከበሩ ላይ ዞሮ። «ነጻ ወጣህ። የሞተ ሰው አትፈራም። ማንም አያስገድድህም። ባንዲራው ምን ነበር?»

«ዝም በል ልጄ፣ ቤታችን እንሂድ» አለች ግሪዘል።

ዱጋል ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ቆመ።

«ቀይ» አለ። ወደ ፋርኳር ዞሮ ደገመው። «ቀይ ነበር። ቶርኪልም አይቶታል። ‹ይሄ ውርወራ ሪከርድ ነው፣ አልጠብቅም› አለኝ። እኔም የወርዋሪዎቹ ቡድን ውስጥ እንዲያስገባኝ ፈለግሁ... ነጭ ነበር አልኩ።»

ማግነስ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። ኤፊ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጣለህ፣ ይህንኑ በፊርማህ ትሰጣለህ» አለችው። ትከሻውን ሲመቱት የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ከአጠገቡ ሸሹ። በመጨረሻ ግሪዘል ብቻ ቀረች።

«ስለ ጨርቁ ዋሽቼልሃለሁ» አለችው። «የገዛ ልጄ ነህ ብዬ ነው። የኒኒያንን ኪልት ግን እኔ ነኝ ከደሙ ያጠብኩት። ያኔ አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

ክንዱን ለቀቀችውና ክብሪቷን አንስታ ወጣች። ዱጋል መሀል ድንኳን ብቻውን ቀረ።

ፋርኳር ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። አላለቀሰም፣ ይቅርታም አልጠየቀም።

«ይበቃኛል» አላት ለኤፊ። «እንሂድ።»